እኩለ ዓመት ላይ ዕቅዳችንን ስንመረምር



መስከረም ሲጠባ ዕቅድ የማያወጣ ወጣት ከመካከላችን አይገኝም ለማለት ይቻላል። ዐደይ አበባው ሲፈነዳ ልባችንም አብሮ ይፈነዳና በአዲስ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ «በዚህ ዓመት ይህን ያህል መጽሐፍ አነባለሁ፤ ይህን ሙያ እማራለሁ፤ ይህን አገር አያለሁ» ብለን እንጽፋለን። ጥቅምት እስኪያልፍ ድረስም ደብተሩ ከእጃችን አይለይም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲመጡ ግን ፈተናውም፣ ሥራውም፣ የቤቱም ጣጣ ይደራረብና ደብተሩ ከሌሎች ወረቀቶች ሥር ይገባል። የካቲት ሲያልቅ አቧራውን አራግፈን ስንገልጠው የምናገኘው በአብዛኛው ኀፍረት ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ኀፍረት ይናገራል። ዓላማችንም ከጥቂት ዓመታት በፊት በጉዞና በንባብ ላይ ሳለን ያገኘነውን ትምህርት፣ የራሳችንንም ጥፋት ሳንደብቅ፣ ለእናንተ ማካፈል ነው።

1ኛ. የዓመቱ እኩሌታ መቼ ነው?

እንደሚታወቀው በዘመን አቆጣጠራችን ዓመቱ 13 ወር አለው። 12ቱ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ሲኖራቸው ጳጉሜን 5፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን ትሆናለች። እንግዲህ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 30 ብንቆጥር 180 ቀን እናገኛለን። ከመጋቢት 1 እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያለው ግን 185 ቀን ነው። ይህን ልብ እንበል! የካቲት 30 ማታ «ዓመቱ እኮ አለቀ» ብለን ስናዝን ገና ካለፈው የሚበልጥ ቀን በእጃችን አለ።

በመካከል ቆሞ መመርመር አዲስ ነገር አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የበጀት ዓመታቸው ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ታኅሣሥ ሲያልቅ የግማሽ ዓመት ሪፖርታቸውን ያዘጋጃሉ። ተማሪውም የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሲያልቅ ውጤቱን ያያል። ዐቢይ ጾምም እኩለ ጾም አለው፤ ይኸውም ደብረ ዘይት የሚውልበት አምስተኛው እሑድ ነው። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሁሉ በመካከሉ አረፍ ብሎ የመጣበትንና የቀረውን ይመለከታል። እኛ ግን ለራሳችን ኑሮ ይህን ስናደርግ ብዙ ጊዜ እንሳሳታለን። እንዴት እንደምንሳሳትም ቀጥለን እንናገራለን።

2ኛ. የእኛ ጥፋት

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ በንባብ ክፍላችን ያለነው 14 ወጣቶች በአንድነት ዕቅድ አወጣን። የእያንዳንዳችን ስም በትልቅ ካርቶን ላይ ተጻፈ፤ ከስሙም ትይዩ የሚያነበው መጽሐፍ ብዛት፣ የሚማረው ሙያና የሚጎበኘው ቦታ ሰፈረ። ካርቶኑም በግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በጊዜው ትልቅ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር። አብዛኞቻችን 24 መጽሐፍ፣ ማለት በየወሩ ሁለት፣ እናነባለን ብለን ነበር።

በጥር መጨረሻ እሑድ ካርቶኑ ወረደና የእያንዳንዱ ሰው ውጤት በሁላችን ፊት ተነበበ። አንዱ ሰባት፣ አንዷ አሥር፣ ሌላው አራት አነበበ ተባለ። የአንድ ወንድማችን ስም ሲጠራ ግን በትይዩው «ባዶ» ተብሎ ተነበበ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ከመካከላችንም አንዱ «ዕቅድ እንደ ተራራ፣ ሥራ እንደ ጠጠር» ብሎ ቀለደ፤ ሁላችንም ሳቅን። ወንድማችን ምንም አልተናገረም። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ ቀረ። ተውሶት የነበረውን መጽሐፍ በታናሽ እህቱ እጅ መለሰልን። እኛም «ሰነፍ ሰው ወቀሳ አይወድም» ብለን ተውነው። ቤቱ ድረስ ሄዶ «ምን ሆንክ?» ያለው ከእኛ አንድ ሰው አልነበረም።

3ኛ. በመንገድ ላይ ያገኘነው ትምህርት

በመጋቢት መጀመሪያ፣ በካርቶኑ ላይ ከሰፈሩት ዕቅዶች አንዱ የነበረው ጉዞ ደረሰ። የምንሄደው ወደ ደምበል፣ በተለምዶ የዝዋይ ሐይቅ ወደምንለው ነበር። ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ የምትባለው ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ትልቁም የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም የሚገኝበት ቱሉ ጉዶ ነው።

ከመነሣታችን በፊት አንድ ደንብ አውጥተን ነበር። ይኸውም እያንዳንዱ ሰው ከዚህ በፊት አንብቦት ከማያውቀው ዓይነት አንድ መጽሐፍ ይያዝ የሚል ነው። ልብ ወለድ ብቻ የሚወድ ታሪክ፣ ታሪክ ብቻ የሚወድ ልብ ወለድ፣ ሌላውም ስለ ጤና ወይም ስለ እርሻ የተጻፈ ያዘ። አንዷ እህታችን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ሲመለሱ ስላዩት የጻፉትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» አግኝታ ነበር። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እያንዳንዱ ያነበበውን ለጎረቤቱ ይተርክ ጀመር። እስከዚያ ቀን ድረስ የመጽሐፍ ቁጥር እንጂ በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ነገር ተጨዋውተን እንደማናውቅ ያስተዋልነው በዚያን ጊዜ ነው።

ሞጆን አልፈን መቂ ልንደርስ ስንል የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩና ረዳቱ ጎማውን እስኪቀይሩ ድረስ ከመንገዱ ዳር ካለ ግራር ሥር ተቀመጥን። በአቅራቢያው ማሳቸውን የሚያዩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩና ወደ እኛ መጥተው አማርኛውን ከኦሮምኛ እያቀላቀሉ ያጫውቱን ጀመር።

ከመካከላችን አንዱ «አባባ፣ ዘንድሮ ምን ሊዘሩ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«እሱን ዝናቡ ያውቃል» አሉ። «የበልጉ ዝናብ በጊዜው ከጣለ በሚያዝያ በቆሎ እዘራለሁ። አምናም ዘርቼ ነበር፤ ዝናቡ ከዳኝና ቡቃያው ደረቀ።»

«ታዲያ ዓመቱ እንዲያው ባዶውን ቀረ?»

ሽማግሌው ሳቁ። «ለምን ይቀራል? በቆሎው ደረቀ ብዬ መሬቱን ጥዬ ልሂድ? ገለበጥኩትና በሰኔ መጨረሻ ግማሹን ቦሎቄ፣ በሐምሌ ግማሹን ጤፍ ዘራሁበት። በቆሎ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ እነዚህ ግን ቶሎ ይደርሳሉ። የቀረኝን ዝናብ አየሁና ለእሱ የሚበቃውን ዘር መረጥኩ። ልጆቼ፣ ዘሩ ነው እንጂ የተለወጠው፣ ቤተሰቡማ ያው እንጀራውን ይፈልጋል።»

ጎማው ተቀይሮ ጉዞ ስንቀጥል ብዙ አልተነጋገርንም። ሽማግሌው ሳያውቁት የካርቶናችንን ስሕተት ነግረውናል። እኛ የዘሩን ስም በግድግዳ ላይ ጽፈን ስንቆጥር፣ እንጀራውን፣ ማለት ዕቅዱ ለምን እንደወጣ፣ ፈጽሞ ረስተነው ነበር። 24 መጽሐፍ ያልነው ለምን ነበር? አእምሯችን እንዲሰፋ፣ ሰውን እንድናስተውል አልነበረምን? አሥር መጽሐፍ አንብቦ በወንድሙ የሚስቅ ሰው ምን አነበበ ይባላል?

4ኛ. በመጽሐፉ ውስጥ የተገኘው ወረቀት

ዝዋይ የደረስነው ዘግይተን ስለነበርና ሐይቁም ነፋስ ስለነበረበት ጀልባው ለነገ ተባለ። ማታ ባደርንበት ቤት ተሰብስበን ያነበብነውን መተረክ ቀጠልን። አንዱ ወንድማችን ስለ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» አመጣጥ ያነበበውን ነገረን። ይህን የግእዝ መዝገበ ቃላት የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ። እርሳቸው ሳይፈጽሙት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ አስተላለፉት። አለቃ ኪዳነ ወልድም በኢየሩሳሌም ረጅም ዘመን ኖረው፣ ብዙ ቋንቋ መርምረው ሥራውን አሰፉት፤ ሆኖም ታትሞ ሳያዩት ዐረፉ። እርሳቸውም በተራቸው አደራውን ለደስታ ተክለ ወልድ ሰጥተው ነበርና መጽሐፉ በ1948 ዓ.ም. ታተመ። ደስታ ተክለ ወልድም የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተሙት ከዚያ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ነው።

ወንድማችን ይህን ከነገረን በኋላ «በእኛ ካርቶን ቢሆን የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስና የአለቃ ኪዳነ ወልድ ውጤት ምን ተብሎ ይጻፍ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠ የለም። ሁለቱም ባሰቡት መንገድ አልጨረሱማ!

ከዚህ በኋላ ተራው ታሪክ ብቻ ያነብ የነበረው ወንድማችን ሆነ። በደንባችን መሠረት ልብ ወለድ መያዝ ስለነበረበት ከመደርደሪያችን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አምጥቶ ነበር። ገና መጽሐፉን ሲገልጠው አንድ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። አንሥቶ አየውና ዝም አለ፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበልን።

ከላይ «24 አይቻልም። ይህን አንዱን» ይላል። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «ኅዳር 20፣ 3 ገጽ። ኅዳር 21፣ 2 ገጽ። ኅዳር 22፣ አባቴን አመመው፤ አላነበብኩም። ኅዳር 23፣ 1 ገጽ። ኅዳር 24፣ ከሥራ ደክሞኝ ገባሁ፤ ተኛሁ። ኅዳር 25፣ 2 ገጽ።» እንዲህ እያለ እስከ ጥር 18 ይወርዳል። የመጨረሻው ገጽ 61 ነው።

መጽሐፉ «ባዶ» ያልነው ወንድማችን በእህቱ እጅ የመለሰው መጽሐፍ ነበር። እኛ በመጋቢት፣ ያውም ገበሬው ነግረውን፣ የተማርነውን እርሱ ብቻውን በኅዳር አድርጎት ኖሯል። የቀረውን ዝናብ አይቶ ዘሩን ለውጧል። እኛ ደግሞ ያልጨረሰ መጽሐፍ አይቆጠርም ብለን 61 ገጹን ባዶ አልነው። ያን ማታ ከመካከላችን ያለቀሱ ነበሩ።

በማግስቱ ከአንድ ሰዓት በላይ በጀልባ ተጉዘን ደሴቱ ደረስን። በአካባቢው ትውፊት መሠረት በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንንና ቅዱሳት መጻሕፍትን ይዘው ወደዚህ ደሴት መጥተዋል። በገዳሙም ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት ይገኛሉ። የሚሸሽ ሰው ሁሉን ነገር አይሸከምም፤ የሚይዘው ዋናውን ነው። እኛም በዚያ ቆመን ከዕቅዳችን ዋናው የትኛው እንደሆነ እርስ በርሳችን ተጠያየቅን።

5ኛ. ወደ ወንድማችን ቤት

ከጉዞ በተመለስን በሁለተኛው ቀን ማታ አራት ሆነን ወደ ቤቱ ሄድን። አባቱ ከኅዳር ጀምሮ አልጋ ላይ ናቸው። እርሱ ቀን በሕንጻ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል፤ ማታ አባቱን ያስታምማል። ወረቀቱን አውጥተን ሰጠነውና ይቅርታ ጠየቅነው። ተቀብሎ በኪሱ አደረገው።

«መጽሐፉን የመለስኩት ሌላ ሰው የሚጠብቀውን ይዤ መቀመጥ ስለከበደኝ ነው» አለን። ጥቂት ቆይቶም «ሳቃችሁን ግን አልረሳሁትም» አለ። እኛም የምንመልሰው አልነበረንም። ይቅርታ ስለጠየቅን ብቻ ነገሩ እንደማይረሳ ማወቅም ለእኛ ትምህርት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሁለት እየሆንን በተራ አባቱ ዘንድ እንቀመጥ ጀመር፤ እርሱ በዚያ ሰዓት ይተኛል። አንድ ቀን አንደኛው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይዞ ሄዶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። አባትዬው ዐይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆዩና «ይህን ድሮ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ሰምቼዋለሁ። አንተ ትቸኩላለህ፤ ቀስ በል» አሉት። ቀስ ብሎ አነበበ። እንዲህ እየተፈራረቅን በየሳምንቱ አነበብንላቸው። ወንድማችንም በበኩሉ ማታ ማታ ከ61ኛው ገጽ ቀጠለ፤ በነሐሴም ጨረሰው። ወደ ንባብ ክፍሉ የተመለሰው ግን በሚቀጥለው ዓመት በጥቅምት ነው። ካርቶኑን አውርደነው ነበር።

6ኛ. ዕቅድን እንዴት እንከልስ?

ከዚህ በላይ ከተገለጸው ተነሥተን በየዓመቱ መጋቢት ሲገባ የምናደርገውን በአጭሩ እናቀርባለን።

ሀ. በመጀመሪያ የዕቅዱን እንጀራ እንጠይቃለን። በእያንዳንዱ ዕቅድ ፊት «ይህን የፈለግሁት ለምን ነበር?» ብለን እንጽፋለን። መልስ ያጣንለት ዕቅድ ምናልባት ከሌላ ሰው ደብተር የቀዳነው ይሆናል።

ለ. ቀጥሎ የቀረውን ቀን እንቆጥራለን። በቀን 10 ገጽ የሚያነብ ሰው በ185 ቀን 1,850 ገጽ ያነባል፤ ይህም ባለ 200 ገጽ ከሆኑ መጻሕፍት ዘጠኝ ያህል ማለት ነው። በቀን 2 ገጽ ብቻ የሚችልም 370 ገጽ፣ ማለት አንድ ደህና ወፍራም መጽሐፍ ይፈጽማል።

ሐ. ከዚያ ዕቅዶቹን በአራት እንከፍላለን፤ የሚቀጥል፣ የሚቀነስ፣ የሚተውና ለሌላ የሚተላለፍ ወይም በጋራ የሚያዝ። አራተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አደራ መስጠት ሽንፈት አለመሆኑን ግን ከመዝገበ ቃላቱ ታሪክ ተረድተናል።

መ. ለራሳችን እውነቱን እንናገራለን። ዘርቶ ዝናብ የከዳው ገበሬና በሬውን ሳይጠምድ ተኝቶ የዋለ ገበሬ አንድ አይደሉም። ዘር መለወጥ ለመጀመሪያው ጥበብ ነው፤ ለሁለተኛው ግን ሰበብ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆንን የምናውቀው እኛ ራሳችን ነን፤ ስለዚህም ፍርዱን በሌላው ላይ አናውል።

ሠ. በመጨረሻም የአንዱን ድካም በአደባባይ አናነብም። ውጤቱ ያነሰብንን ሰው አስቀድመን ቤቱ ሄደን እንጠይቀዋለን።

ውድ አንባብያን፤ ጉዞ ከምናውቀው አጥር አውጥቶ ሌላ ሰው እንዴት እንደሚኖር ያሳየናል። ልዩ ልዩ መጻሕፍትን ማንበብም እንዲሁ ነው። ነገር ግን 160 ኪሎ ሜትር ሄደን ያገኘነው ነገር ከእኛ ሰፈር ጥቂት ቤቶች ራቅ ብሎ ይኖር የነበረ ወንድማችንን ነው። እንግዲህ በዚህ እኩለ ዓመት ደብተራችንን ስንገልጥ ከራሳችን ስም ቀጥሎ የማን ስም እንደጎደለ እንመልከት።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ለውይይት እንዲረዳችሁ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ትተንላችኋል።

1. በመስከረም ካወጣችሁት ዕቅድ ዛሬም ዓላማው የሚታወቃችሁ የትኛው ነው?
2. ከቀረው 185 ቀን ጋር የሚስማማው «ዘር» ምን ይመስላችኋል?
3. ከመካከላችሁ ኀፍረት ይዞት የቀረ ሰው አለ? ማን፣ መቼ ሊጠይቀው ይሄዳል?

ይቆየን።